አንድ ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ላይ ቃል ስንገነጥል

ካሌንደሩን የገዛሁት ነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ መጻሕፍት መደብር ለልጄ ደብተር ልገዛ ገብቼ ዝናብ ያዘኝ። ዝም ብዬ መደርደሪያ ሳይ ባለሱቁ አንድ ወፈር ያለ ነገር አቀበለኝና «በየቀኑ አንድ ቅጠል ትገነጥላለህ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል ወይ አንድ ታሪክ አለ» አለኝ። 400 ብር። ለካሌንደር! ባንኩም ኢንሹራንሱም በነፃ በሚያድልበት አገር! መልሼ አስቀመጥኩት። ዝናቡ ግን አላባራም፤ ቆሜ ሦስት አራት ቅጠል አነበብኩና ከፈልኩ።

አሁን ዓመቱ አልቋል። የ2018ቱንም ገዝቻለሁ። «ይገዛል ወይስ አይገዛም?» ለሚሉኝ ሰዎች አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። የአሳታሚውን ስም አልጠራም፣ ስህተቱንም ስለምዘረዝር ስም ማጥፋት እንዳይሆንብኝ። ደግሞም የዚህ ዓይነት ካሌንደር የሚያሳትመው አንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ የምለው ለሌሎቹም ሳይሠራ አይቀርም።

መጀመሪያ ቅርጹን ልንገራችሁ። ቅጠሏ መዳፍ ታህላለች። ከላይ ቀኑ በትልቁ በኛ አቆጣጠር፣ በጎኑ የፈረንጁ በትንሹ፣ ከሥሩ የዕለቱ በዓል ካለ እሱ፣ ከዚያ ቃሉ ወይም ታሪኩ። ጀርባዋ ባዶ ነው። እኛ ቤት ኩሽና ውስጥ፣ ከፍሪጁ ጎን ሰቀልናት። ሥርዓቱንም ያወጣችው የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ናት፦ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት እሷ ትገነጥላለች፣ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እናቴ ቡናዋን እያፈላች ታርማለች። እኔ ካልሲዬን እየፈለግኩ እሰማለሁ።

መስከረም 1 ቀን የአበባ ሥዕል ስጠብቅ ስሌት መጣ። 5500 ላይ 2017 ደምር፣ 7517 ይሆናል። ለአራት አካፍል፣ 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል። አንድ ከተረፈ ዘመኑ ማቴዎስ ነው፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ይህን እንኳ የቄስ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የማላውቀው የሚቀጥለውን ነበር፦ 7517 እና 1879ን ደምረህ ለሰባት ስታካፍል 2 ይተርፋል፣ ከማክሰኞ ጀምረህ አንድ ሁለት ብለህ ስትቆጥር ረቡዕ ላይ ትወድቃለህ፣ የ2017 ዕንቁጣጣሽም ረቡዕ ዋለ። አርባ ዓመት ሙሉ በባሕረ ሐሳብ፣ በዘመን ቆጠራ ስሌታችን፣ ውስጥ እየኖርኩ ይህቺን ስሌት የነገረኝ አልነበረም። ልጄ በስልኬ ካልኩሌተር የ2018ን ሠራችው። 3 ተረፈ። «ሐሙስ ነው!» አለች። ዓመቱ ደርሶ ሐሙስ ሲሆን እኔን እንደ ተራ ሰው ታየኝ ጀመር።

እንዲህ ያለው ቅጠል ሲመጣ 400 ብሩ አይቆጨኝም። ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም፣ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ካሌንደሩ ጎበዝ የሚሆነው አፋችን ላይ ያለውን ነገር ሲያነሳ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ቀን ሰዓቶች ስም ነበር። እኛ አሁን «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ» ብለን ጨርሰናል። ቅጠሎቹ ግን ጎሕ አሉ፣ ወጋገን አሉ፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ተሲያት፣ ሰርክ፣ ውድቅት። ወጋገን ፀሐይዋ ሳትወጣ በፊት የሚታየው ብርሃን ነው፣ ውድቅት ደግሞ ሌሊቱ ሲከብድ። ልጄ ተሲያትን ወደደቻት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለሁለት ሳምንት «ተሲያት ላይ ካርቱን አያለሁ» ስትል ከረመች። እናቴ በዚያ ሳምንት ቡናው ሁሉ ይገነፍልባት ነበር፣ ምክንያቱም አላስቀመጣትም። «ለዓይን ያዝ ሲያደርግስ የት አለ? ሰማይና ምድሩ ሳይላቀቅስ?» ትላለች። በልጅነቷ ሰዓት ያለው ሰው ስላልነበረ በጾም ጊዜ ቀኑን በጥላ እየሰፈሩ፣ ጥላቸው ስንት እግር እንደሆነ ቆጥረው ነው የሚበሉበትን የሚያውቁት። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጠዋት ነው። ካሌንደሩ ላይ የለም። ካሌንደሩ ባይኖር ግን አትነግረኝም ነበር።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ቅጠሎቹን በየቀኑ ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። የሷ ልጆች የተጣሉት ከቃሉ ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ጋር ነው። «ቀትር ማለት 6 ሰዓት» የሚለውን አንብበው አያታቸውን ደውለው ሞገቱ። እማዬ በስልክ «ፀሐይ ከወጣች ስድስት ሰዓት ሆናት፣ ሌላ ምን ልትባል ነው?» አለቻቸው። መልስ አላገኙም።

ከዚያ ጥቅምት ገባ። ካዛንቺስ የሚለውን ቅጠል የገነጠልነው ልክ ካዛንቺስ በሚፈርስበት ሰሞን ነው። ካሌንደሩ የታተመው ክረምት ላይ ስለሆነ አስበው ያደረጉት አይመስለኝም። ቅጠሉ የሚለው አጭር ነው፦ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበረው፣ ምህጻረ ቃሉ «ኢንቺስ» ይባላል፣ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፣ ሕዝቡ ቀጥ አድርጎ ካዛንቺስ አለው። አለቀ። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሦስት ዓመት እዚያ ተከራይቼ ኖሬያለሁ፣ ቁርስ የምበላባት ፍርፍር ቤት ነበረች። ልጄ «ቤቶቹ ከፈረሱ ስሙስ?» አለችኝ። ታክሲ ረዳቱ እስከጠራው ድረስ አለ አልኳት። ያችን ቅጠል አልጣልኳትም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ለገሃር ላይ ደግሞ ጥሩ አድርገው ሠርተዋል። ብዙ ሰው ለገሃርን ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጋር ይደባልቀዋል። እነዚያ «ለጋ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጡ ናቸው፣ ወንዝ ማለት ነው። ለገሃር ግን ፈረንሳይኛ ነው፣ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፣ ስሙም አብሮት ወረደ። እዚያው ቅጠል ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ባቡር የሚለው ቃል ራሱ ከ«ቫፖሬ» እንደመጣ ተጽፏል፣ እንፋሎት ማለት ነው። ያን ጊዜ ገባኝ! አያቴ ወፍጮ ቤቱን «ባቡር» ስትል ተሳስታ አልነበረም። እህሉን የሚፈጨው ሞተር ነው ባቡሩ። አሁንም ገጠር ብትሄዱ «ባቡር ቤት እህል ላስፈጭ» የሚል ሰው አታጡም።

የጣሊያንኛዎቹ ሳምንት ከሁሉ የበለጠ ሳቅ ያለበት ነበር። መኪና፣ ጎማ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን። ጋራዥ የገባ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ጣሊያንኛ ይናገራል። ሠፈራችን ያለውን ጎሚስታ ጠርቼ ቅጠሉን አሳየሁት፤ «እኔ ጎሚስታ የእንግሊዝ ነበር የሚመስለኝ» አለ። ግን ጋራዡ የሚጠበቅ ነው። እኔን የገረመኝ የቤቱ ነው። ቦርሳ። ካልሲ። ኮሜዲኖ። ፉርኖ ዱቄት። «ፎርኖ» በነሱ ምድጃ ነው፤ ፉርኖ ዱቄት እያልን ለካ የምድጃ ዱቄት ነው የምንለው። ማኪያቶ ደግሞ ጠብታ ነገር የነካው፣ ነጠብጣብ ያለበት እንደ ማለት ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «አምስት ዓመት ተቀመጠ፣ እግራችን ላይ ሳይቀር ስም አውጥቶ ሄደ» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ «ባንዳም የነሱ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እሱንስ ይዘውት ቢሄዱ ጥሩ ነበር።»

ገንዘብ ላይም ሁለት ጥሩ ቅጠሎች አሉ። ብር መጀመሪያ የማዕድኑ ስም ነው፣ ብር አምባር የምንለው እሱ። ጠገራው የማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፣ በኋላ በተመቱትም ላይ ያው ነው፤ ሰው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልማ። ስሙኒ 25 ሳንቲም፣ ሽልንግ 50። ልጄ ሳንቲም አይታ ስለማታውቅ ይሄኛው በቶሎ አለፈ።

እንግዲህ ወደ ስህተቱ።

አንደኛው ፊደል ነው። ጥቅምት መጀመሪያ አካባቢ ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚያምር ቅጠል አለ። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ለምን እንደሚለያዩም በምሳሌ አሳይቷል፦ በግዕዝ ሠረቀ ሲል ወጣ ነው፣ ምሥራቅ የመጣው ከዚያ ነው፣ ሰረቀ ሲል ግን ያው ሌብነቱ ነው። ዓመት ዘመን ነው፣ አመት ደግሞ ገረድ። ቆንጆ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ካሌንደር ስለ አንድ ሥዕል ሲያወራ «ሰአሊው» ብሎ ጻፈ። ሰአሊ እኮ «ለምኝልን» ነው! «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚለውን ቅዳሴ ላይ የሰማ ሁሉ ያውቃል። ሥዕል የሚሥለው ሠዓሊ ነው። የካቲት ላይ ደግሞ «መልካም አዲስ አመት» የሚል ማስታወቂያ ለቀጣዩ ካሌንደር አወጡ። መልካም አዲስ ገረድ ማለት ነው፣ በራሳቸው ትምህርት።

እኔ በዚህ ጉዳይ አክራሪ አይደለሁም። ፊደሉ ይቀነስ የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ይገባኛል፣ እኔም ቴሌግራም ላይ ስጽፍ ሀ እና ሐን ደባልቄ ነው የምጽፈው፣ እዚህም ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ግን ሰው ላስተምር ብሎ ከተነሳ ያስተማረውን ራሱ ይጠብቅ። አንድ ቅጠል ላይ ሕጉን፣ ሌላው ላይ ጥሰቱን ልጄ ስታነብ «የቱ ነው ትክክል?» ብላ የምትጠይቀው እኔን ነው፣ አሳታሚውን አይደለም።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ይሄኛው አናዶኛል። ጥቅምት 21 ጠዋት ልጄ እንዲህ ብላ አነበበች፦ «በዛሬዋ ዕለት አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ።» ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንት ነበር፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፣ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ቀኑ ግን ልክ አይደለም። ቶኪዮ የሮጠው ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ነው፣ በኛ ጥቅምት 11 ቀን 1957። የሆነ ሰው የፈረንጅ ድረ ገጽ ላይ ኦክቶበር 21 የሚል አይቶ፣ ኦክቶበርን ጥቅምት ብሎ ተርጉሞ፣ ቁጥሩን እንዳለ ለጥፎታል። አሥር ቀን! ሌላ ነገር ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ይህ ግን ካሌንደር ነው። የካሌንደር ዋና ሥራው ቀን ነው። መስከረም 1 ላይ ባሕረ ሐሳብን ያስተማረኝ ካሌንደር ጥቅምት ላይ አሥር ቀን ይጠፋበታል?

በቴሌግራም ጻፍኩላቸው። በትህትና ነው የጻፍኩት፣ ትክክለኛውን ቀን ጭምር። በማግስቱ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ ለሚቀጥለው እናስተካክላለን» የሚል መልስ መጣ። ደስ አለኝ። ብዙ ቦታ እንዲህ ያለ መልስ እንኳ አይገኝም።

ሦስተኛው የቅዳሜ ቅጠሎች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» በሚል ርዕስ ከየትም የተለቀመ ነገር ይመጣል። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው። ማር አይበላሽም። እሺ፣ ጥሩ። ግን ይህን ስልኬም ይነግረኛል፤ አማርኛውም ከእንግሊዝኛ ተገልብጦ የመጣ መሆኑ ከሩቅ ይሸታል፣ «እሱ በምድር ላይ ካሉት እንስሳት መካከል አንዱ ነው» ዓይነት። ስለ ማር ማውራት ከፈለጉ እዚሁ አገር ጠጅ አለ፣ ጉንዶ አለ፣ ቀፎ ሰቃይ አለ፣ የትግራይ ነጭ ማር አለ። ማርን የሚያህል ነገር እጃቸው ላይ እያለ ወደ ባሕር ሄደው ኦክቶፐስ ይፈልጋሉ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አታርምም፣ ዝም ብላ ቡናዋን ትጠጣለች። ከዚህ የበለጠ ግምገማ የለም።

ሌላው ቅሬታዬ ካሌንደሩ ከአዲስ አበባና ከሰሜኑ ብዙም አይርቅም። ሲርቅ ደግሞ ያምርበታል፣ ለዚህ ነው የምቆጨው። ጉዲፈቻ የሚለው የሕግ መጽሐፋችን ላይ ሳይቀር ያለው ቃል ከኦሮምኛ እንደመጣ የሚናገር ቅጠል አለ፣ ግሩም ነው። ስለ ሐረር ጀጎል ግንብ አምስት በሮች አንድ ቅጠል፣ በ1998 በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበም ይናገራል። የሲዳማ ፊቼ ጨምበላላ ደግሞ «ቀኑን አያንቶዎች ኮከብ አይተው ስለሚወስኑ እዚህ ላይ አስቀድመን ልናትመው አንችልም» ተብሎ ተጽፏል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር በጣም ወድጃታለሁ። የታተመ ካሌንደር ለሰማዩ ጎንበስ ሲል! ግን እነዚህ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኦክቶፐሱን አውጥተው አፋሩን፣ ጋምቤላውን፣ ወላይታውን ቢያስገቡበት ቅዳሜም የሚነበብ ቀን ይሆን ነበር።

ስለ ዕቃው ጥራት ባጭሩ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ የቀለሙ ጥላ ጀርባ ላይ ይታያል፣ ለአስቤዛ ዝርዝር ግን ይሆናል። ሙጫው እስከ ሰኔ ጥሩ ነበር። ክረምቱ ሲገባ የኩሽናው እንፋሎት ነው መሰለኝ ለቀቀ፣ ሐምሌ 14 ጠዋት ልጄ አንዷን ስትስብ የቀረው በሙሉ ወለል ላይ ተበተነ። ሐምሌን ከነሐሴ ለይተን ስንደረድር ትምህርት ቤት ቢኖር ኖሮ እናረፍድ ነበር። ከዚያ በኋላ በልብስ መቆንጠጫ ይዘነው ነው ዓመቱን የጨረስነው። 400 ብር የተከፈለበት ነገር በሽቦ ቢጠረዝ ምን ነበረበት?

የተገነጠለው ወረቀት የት ይሄዳል የሚለውም እኛ ቤት ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆነ። እኔ ልጥል ነበር። እናቴ «ሚካኤል የተጻፈበትን? ማርያም የተጻፈበትን? ቆሻሻ ላይ?» አለች። 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ ምኑ ይጣላል? ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አመጣች፣ እዚያ ውስጥ መከማቸት ጀመሩ። የቅዳሜዎቹ ግን ለአስቤዛ ዝርዝር ተፈቀዱ። ኦክቶፐሱ ጀርባ ላይ «ሽንኩርት 3 ኪሎ፣ ዘይት፣ በርበሬ አስፈጪ» የሚል አለ።

አሳታሚው ያንኑ ጽሑፍ በቴሌግራምም በየጠዋቱ ይለቃል፣ በነፃ። ታዲያ ለምን ትገዛለህ የሚሉኝ አሉ። ሞክሬዋለሁ። ሁለት ሳምንት ተከታተልኩ፣ ከዚያ ከሌሎቹ ቻናሎች ጋር ተደራረበና ድምፁን አጠፋሁት፣ አሁን ስንት ያልተነበበ እንዳለ አላውቅም። ስልክ ላይ ያለው የኔ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ቡና የሚጠጣ ሁሉ ያነበዋል፣ የጋዝ ሲሊንደር የሚያመጣው ልጅ እንኳ ቆሞ አንብቦ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ብሎኝ ያውቃል። ልክ ነበር፣ ማለቴ ልጁ ልክ ነበር።

ኅዳር 12ን ልንገራችሁና ወደ መጨረሻው ልሂድ። ኅዳር ሲታጠን። ልጅ ሆነን ቆሻሻ ሰብስበን ደጅ እያቃጠልን ጭስ ውስጥ ስንዘል ለምን እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም። ቅጠሉ ነገረን፦ ኅዳር 1911 ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባንም መታት፣ ሰው የኅዳር በሽታ አለው፣ ቆሻሻ የማቃጠሉንም ልማድ ከዚያ ጋር ያያይዙታል። ያን ቀን ጠዋት ሠፈሩ ሁሉ ጭስ ነበር። እማዬ መስኮቱን ዘጋችና «እናቴ ስትነግረኝ፣ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር አሉ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፣ ልጄም አልጠየቀችም።

የካቲት 23 ደግሞ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ስለ ዓድዋ ምን ሊሉ ነው ብዬ ነበር፣ ሁሉም ሰው የሚለውን ነው የሚሉት። እነሱ ግን ጦርነቱን ትተው አንድ ቃል ብቻ ይዘው መጡ፦ ክተት። ከተተ ከሚለው ነው። ኪሴ ከተትኩት፣ ጎተራ ከተቱት እንደምንለው፣ ሰውንም ከየቦታው ሰብስቦ ወደ አንድ ማስገባት። ከታች በኩል አንዲት መስመር፦ በ1888 ቀኑ እሑድ ነበር፣ ዘንድሮም እሑድ ነው። ልጄ ወዲያው ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች፣ 5500 ሲደመር 1888 ብላ ልትሠራው። መስከረምን አግኝታ እስከ የካቲት ስትቆጥር ቁርሷ ቀዘቀዘ። እሑድ ወጣላት።

የመጨረሻዋ ቅጠል ጳጉሜን 5 ናት። ጳጉሜን ማለት በግሪክኛ የተጨመረች ማለት እንደሆነ ጳጉሜን 1 ላይ ተነግሮናል፣ «ጳጉሜ» አትበሉ የሚል ተግሳጽም ታክሎበታል። 5 ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ ሮም፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሩጫው ያለቀው መሽቶ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን እያበሩ ነው፣ መንገዱም ጣሊያን ከአክሱም ነቅላ በወሰደችው ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ነው። የአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን ላይ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር፣ ሴፕቴምበር 10 እያልኩ ስለማስበው። ይሄኛውን በትክክል ነው ያስቀመጡት። ቆጥሬ አረጋግጫለሁ፣ ከቶኪዮው በኋላ ሁሉን ነገር እቆጥራለሁ። እናቴ ቅጠሏን ቆርቆሮው ውስጥ አልከተተቻትም፣ ፍሪጁ ላይ ለጠፈቻት። ግድግዳው ላይ ካርቶኑ ከነምስማሩ ብቻ ቀረ።

እና ይገዛል? ልጅ ወይም አያት ያለበት ቤት ከሆነ ይገዛል፣ ሁለቱም ካሉ ደግሞ ሁለት አትጠይቁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ቴሌግራሙ ይበቃችኋል። ቢሮ የሚሰቅል ካለ ሰኞ ሲገባ የቅዳሜና የእሑዱን አብሮ ስለሚገነጥል ብዙም አይከስርም፣ ቅዳሜ ኦክቶፐስ ነው።

የ2018ቱ 550 ብር ሆኗል። ወረቀቱ ያው ነው፣ ሙጫውም ያው ይመስላል፣ መቆንጠጫችንን አልጣልነውም። እዚያው ሱቅ ቆሜ መጀመሪያ የፈለግኩት ጥቅምት 11ን ነው። ገለጥኩ፣ አበበ አለ፣ ቶኪዮ፣ ቀኑም ዓመቱም ልክ። ቃላቸውን ጠብቀዋል ብዬ ለባለሱቁ ሁሉ ነገርኩት። ከፍዬ ልወጣ ስል አንድ ነገር ጠርጠር አድርጌ ጥቅምት 21ን ገለጥኩ።

እዚያም አለ።